የወይዘሮ ጣት አልጋ

የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በሠፈሩ ውስጥ ብዙ አልነበረም። ከትልቁ ሆቴል ጡረታ ከወጡ በኋላም ቢሆን የሚጠሩት በሥራ ዘመናቸው በወጣላቸው ቅጽል ነበር፤ ወይዘሮ ጣት። ቅጽሉን ያወጡላቸው በእሳቸው ሥር ይሠሩ የነበሩ አልጋ አንጣፊ ልጃገረዶች ናቸው። ፊት ለፊታቸው ግን አንዲቷም ደፍራ አልጠራቻቸውም።

ወይዘሮ ጣት የሆቴሉ የአልጋ ክፍሎች ኃላፊ ነበሩ። ክፍል ለመመርመር ሲገቡ ሰላምታ አይሰጡም፤ ቃልም አይተነፍሱም። የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ቀስረው በመስኮቱ ደፍ፣ በመብራቱ ቆብ፣ ማንም በማያየው በአልጋው ራስጌ ጀርባ ይስቡና ጣታቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመለከታሉ። ከዚያም ወደ አልጋው ይዞራሉ። ጣቲቱ ከራስጌ እስከ ግርጌ በአንሶላው ላይ ትንሸራተታለች። ከፍራሹ ሥር የተሸጎጠው ጥግ እንደ ፖስታ አፍ ቀጥ ብሎ ካልታጠፈ፣ ወይም አንዲት ጭምድድታ ከተገኘች፣ አንሶላውን ከጥጉ ይይዙና በአንድ ስበት ይገፍፉታል። የሚናገሩት ቃል አንድ ብቻ ነው።

«እንደገና።»

እናቷን ቀብራ ሥራ የገባች አንዲት ልጅ ነበረች። አልጋውን እንከን በሌለው አኳኋን አነጠፈችው፤ ይሁን እንጂ ትራሱን ስታስተካክል እንባዋ ጠብ ብሎበት ኖሯል። ወይዘሮ ጣት ትራሱን ዳሰሱት፤ እርጥብ ነው። ልጅቱን አዩአት፤ ለምን እንደምታለቅስም ያውቁ ነበር። የትራሱን ልብስ ገፍፈው ወለሉ ላይ ጣሉና፣ «እንደገና» አሉ። እርጥብ አልጋ በእሳቸው ዓይን ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነበር።

በቤታቸውም ሌላ ሰው አልነበሩም። ባላቸው በጊዜ ስለ ሞቱ ያንዲት ሴት ልጃቸው እናትም አባትም እሳቸው ነበሩ። ልጅቱ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት አንሶላ ማጠፍ ተማረች። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ጣቲቱ አልጋዋ ላይ ትንሸራተታለች፤ አንሶላው ይገፈፋል። ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ነበር፤ ስላረፈደችም በመምህሯ ትቀጣለች። ለእናቷ ግን ስለ ቅጣቱ አንድም ቀን አልነገረችም፤ የምታገኘውን መልስ ታውቃለችና።

እርጅና ወይዘሮ ጣትን የያዛቸው ከእጃቸው ጀምሮ ነው። የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቻቸውን እንደ ደረቀ ቅጠል ጠቀለላቸው። ቀጥሎ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ግድግዳ ይፈልጋሉ። የሻይ ማንቆርቆሪያ ጥደው ይረሳሉ። በመጨረሻም የማይነገረው ነገር መጣ፤ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አንሶላው እርጥብ ሆኖ ይገኝ ጀመር።

ልጅቱ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ አምሳን እያንኳኳ ነበር። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ አላገባችም። ማለዳ እናቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ አንሶላውን ትለውጣለች፤ ምድጃውን ታጠፋለች፤ በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ትመለሳለች። ይህንን ሁሉ ስታደርግ ከእናቷ «ተባረኪ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ወይዘሮ ጣት ወንበር ላይ ተቀምጠው አዲሱን አንሶላ ይመለከቱና፣ «ግርጌው ላልቷል» ይላሉ።

ፋብሪካው ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር ተወሰነ። ሠራተኛው ወይ አብሮ ይሄዳል፣ ወይ ይሰናበታል። በእሷ ዕድሜ ሌላ ቦታ የሚቀጥራት አልነበረም። የሠፈሩ ማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ራሳቸውን መርዳት ለማይችሉ አረጋውያን ቤት ለቤት የሚዞር ረዳት ይመድብ ስለ ነበር ልጅቱ አመለከተች። ቤታቸውን አይቶ የሚወስን ገምጋሚ እንደሚመጣም ተነገራት።

«እማዬ፣ ስሚኝ» አለች በዋዜማው። «ነገ ሰውየው ሲመጣ ከአልጋሽ እንዳትነሺ።»

«ታምሜያለሁ እንዴ?»

«ታመሻል እንጂ! ትናንት ሽንት ቤት በር ላይ የወደቀው ማነው? እኔ ነኝ?»

«ምንጣፉ ነው ያዳለጠኝ።»

«ምንጣፍ የለንም እኮ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጣት ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ዋሺ አላልኩሽም» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያለውን ተናገሪ ነው ያልኩሽ። መቆም አልችልም በይ፤ ስለ ሌሊቱም ንገሪው። ረዳት ከመደቡልሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ። ካልመደቡልሽ መጦሪያ ነው የምትገቢው፤ እኔ እንደሆንኩ ከፋብሪካው ጋር መሄዴ ነው። ይኼን ደግሜ አልነግርሽም።»

«ሰምቻለሁ። አትጩኺብኝ።»

«እና ምን ትይዋለሽ?»

«አልችልም እለዋለሁ።»

በማግስቱ ልጅቱ ፈረቃዋን የሚለውጥላት አጥታ ሥራ ገባች። ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር አደረገች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋውን ሳታነጥፍ ተወችው። የሌሊቱን አንሶላ አልለወጠችም፤ ያደረውን ብርጭቆ አላጠበችም። እናቷን እዚያው ውስጥ አስተኝታ ግንባራቸውን ሳመችና፣ «አደራ» ብላ ሄደች።

ወይዘሮ ጣት ተኝተው ጠበቁ። ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ይታያቸዋል፤ ብርጭቆው ይታያል፣ ተጨማድዶ የተንጠለጠለው ብርድ ልብስ ይታያል፣ ሽታውም አለ። እንግዳ ሊመጣ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ ያልተነጠፈ ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ልጃቸው ያለችውን አልረሱም፤ በኋላም ቢሆን «ረስቼው ነው» ብለው አላመካኙም። መጦሪያ መግባት አይፈልጉም ነበር፤ ከሞት ይልቅ ይፈሩት ነበር። ይሁን እንጂ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ።

ያን አልጋ እንዴት እንዳነጠፉት ያየ ሰው የለም። ግድግዳ እየተደገፉ፣ ወንበር እየያዙ፣ ሲያዞራቸው ፍራሹ ላይ ደረታቸውን ጥለው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ እንደ ነበር ማሰብ ግን አያስቸግርም። የተጠቀለሉት ጣቶች አንሶላ ስለማይጨብጡ የንጹሑን አንሶላ ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሳቡት። ጥጉን በእጃቸው አንጓ እየገፉ ሸጎጡት። የሆቴሉን ነጭ ሸሚዝ ለበሱ። በሩ ሲንኳኳ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር።

«ይግቡ፣ ጌታዬ።»

ገምጋሚው ቦርሳ ያነገተ ትሑት ወጣት ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ? ልጅዎ የሉም?»

«ሥራ ላይ ናት። አረፍ ይበሉ።»

ወጣቱ ዓይኑ አልጋው ላይ አረፈ። «ይኼን ማን አነጠፈው?»

«ማን ያነጥፍልኛል? እኔ ነኝ እንጂ።»

«ራስዎ? እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አላነጥፍም!»

«ያስታውቃል» አሉ ወይዘሮ ጣት። «ኮሌታዎም አልተተኮሰም።»

ወጣቱ ከት ብሎ ሳቀ። ከአያቱ ጋር የሚያወራ መሰለው፤ ወደዳቸው። ጥቂት ጠየቀና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሥራ ነገር ሆኖብኝ ነው። ሌሊት... ማለቴ፣ ሽንት ያስቸግርዎታል እንዴ?»

ወይዘሮ ጣት ወግ ያለፈ የሆቴል እንግዳን በሚያዩበት ዓይን አዩት።

«ጌታዬ፣ እኔ የአልጋ ክፍሎች ኃላፊ ነበርኩ።»

ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

እዚህ ላይ አንባቢ ወጣቱን ለመኮነን ባይቸኩል መልካም ነው። ያየውን ጻፈ፤ የሰማውንም ጻፈ። አንድም ሐሰት አልጨመረም። ጥፋቱ ካየው ባሻገር አለመፈለጉ ነው፤ ይህ ጥፋት ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። ያማረ አልጋ ያየን ሁላችን ከሥሩ ያለውን ለማየት ጎንበስ አንልም።

ልጅቱ ስትመለስ እናቷን ያገኘቻቸው ወለሉ ላይ ነው። ከወንበሩ ተነሥተው አልጋው ዘንድ ሳይደርሱ ወድቀዋል። አጠገባቸው አልጋው እንደ ብራና ተወጥሮ፣ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ልጅቱ አልጋውን አየች፤ ነጩን ሸሚዝ አየች፤ የሆነውንም ሳትጠይቅ አወቀች።

የጽሕፈት ቤቱን መልስ ለመስማት በሄደች ጊዜ የተቀበለቻት ሴትዮ ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ ነበር። «እናትሽ እኮ ጠንካራ ናቸው! ረዳት አያስፈልጋቸውም። እንዲህ ያለች እናት ያላት ሰው ምን ያማርራል? ዕድሜ ይስጥልሽ።»

ልጅቱ ቤት ገብታ አልጮኸችም። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሻንጣውን አውርዳ አቧራውን ጠረገች።

«ደስ አለሽ?» አለች። «አሸነፍሽው።»

«እንግዳ ነው የመጣው» አሉ ወይዘሮ ጣት። «ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? በእርጥብ አልጋ ልቀበለው ኖሯል?»

«አዎ፣ እማዬ። በእርጥብ አልጋ ነበር የምትቀበዪው። እኔን እኮ የምትቀበዪኝ በየቀኑ በእሱ ነው።»

መጦሪያው የሚቀበለው ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱትን ብቻ ነበር። የወጣቱ ምስክርነት በአንዱ ቢሮ ረዳት ያስከለከላቸውን ያህል በሌላው ቢሮ በር አስከፈተላቸው። ሁለት አልጋ ያለው፣ ወደ ግቢው የሚያይ ክፍል ተሰጣቸው። ኃላፊዋ ወገቧን ይዛ ሕጉን አስረዳች።

«እማማ፣ እዚህ ሁሉም አልጋውን በራሱ ያነጥፋል፤ ጠዋት ጠዋት ዞሬ አያለሁ። ማንጠፍ ያቃተው፣ ወይም የሚያረጥብ ሰው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ቅር እንዳይልዎ፤ የእጅ እጥረት አለብን።»

«ይኼን እንኳ ትችላለች» አለች ልጅቱ፣ ማንንም ሳታይ። «ሌላ ባትችል ይኼን ትችላለች።» ሻንጣውን አስቀምጣ ሄደች።

ኋላ የሚባለው በግቢው መጨረሻ ያለ ረዥም አዳራሽ ነው። አልጋዎቹ የብረት አጥር አላቸው፤ ፍራሾቹ ላስቲክ ለብሰዋል። በሩ እንደ ተዘጋ ይውላል፤ ሲከፈት ከውስጥ የሚወጣው ሽታ የፊተኞቹን አረጋውያን አንገት ያስደፋል። ወደዚያ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አልታየም።

የወይዘሮ ጣት የክፍል ጓደኛ የቀድሞ ስልከኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው መስመር ሲያገናኙ ኖረው የራሳቸው ስልክ የማይጮኽላቸው፣ ወሬኛና ሳቂተኛ አሮጊት ናቸው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ ስልከኛዋ፣ ወይዘሮ ጣት ሲገቡ።

«ምን አልሽ?»

«ማን ልበል ነው ያልኩሽ። ስም የለሽም?»

«የአልጋ ክፍሎች ኃላፊ ነበርኩ።»

«ውይ እቴ! እኔ ደግሞ ስም ጠይቄ ሹመት ተነገረኝ። በይ እሺ፣ መስመር ላይ ቆዪ።»

ወይዘሮ ጣት ግን ጨዋታ አልያዙም፤ ወሰን የሌለው ጭንቀት ይዟቸው ነበር። ማንጠፉን በጥርስም በአንጓም ብለው ይወጡታል። እርጥበቱን ግን በምን? ማታ ማታ ውኃ መጠጣት አቆሙ፤ አልሆነም። አንሶላውን ማለዳ አጥበው በመስኮቱ ሊያደርቁት ሞከሩ፤ ኃላፊዋ ከአንሶላው ቀድማ ትደርሳለች። በመጨረሻ መላው ተገለጠላቸው፤ የሙያ ሰው መላ ነበር። ያልተተኛበት አልጋ አይረጥብም፤ አይጨማደድምም።

አልጋቸውን አንድ ቀን በሙሉ ኃይላቸው አነጠፉት። ከዚያ በኋላ አልተኙበትም። መብራት ሲጠፋ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለው ስርቻ አሮጌ ካፖርታቸውን አንጥፈው ሲሚንቶው ላይ ይተኛሉ። ሲነጋ የረጠበውን ጨርቅ በመታጠቢያው አጥበው ካፖርቱን ወደ ሻንጣቸው ይመልሳሉ። ኃላፊዋ ስትመጣ በአልጋው አጠገብ ቆመው ይጠብቋታል። ብርዱ ወገባቸው ውስጥ ገባ፤ ሳል ጀመራቸው፤ ከወለሉ ለመነሣት የሚፈጅባቸው ትግል ከቀን ወደ ቀን በረታ። አልጋው ግን በመጦሪያው ታሪክ ያልታየ አልጋ ነበር።

ስልከኛዋ ያውቁ ነበር። ጆሮ ብቻ ሳይሆን አፍንጫም ነበራቸው። «አንቺ፣ ይኼ ሲሚንቶ ይገድልሻል» ቢሏቸው፣ ወይዘሮ ጣት «የሰው ክፍል አትፈትሺ» ብለው ዘጉአቸው። ስልከኛዋም ምስጢሩን ያዙ። ለወሬኛ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ደግነት የለም።

አንድ ማለዳ ኃላፊዋ አዲስ የተቀጠሩ ልጃገረዶች አስከትላ ገባች። «ኑ፣ እዩ» አለች። «አልጋ ማለት ይኼ ነው። ስንት ዓመታቸው ነው፣ እጃቸውን እዩት፣ ግን አልጋቸውን እዩት! እናንተ ወጣቶቹ አታፍሩም?» ጣቷን በአንሶላው ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳበችው። «እንከን የለውም።»

የወይዘሮ ጣት ፊት በራ። ከሆቴሉ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ብርሃን አልታየበትም ነበር። ስልከኛዋም ያን ብርሃን አይተው ደስ አላቸው፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ አፋቸው አያርፍም።

«እንዴት አያምር!» አሉ እየሳቁ። «ለዓይን እንጂ ለጎን የተሠራ አይደለማ! እሷ እኮ አልጋውን ታከብረዋለች፤ ሲሚንቶው ላይ ነው የምታድ...»

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አየች። ሻንጣውን ጎተተች፤ ካፖርቱን አወጣች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ወዲያው ጣለችው። ልጃገረዶቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«እማማ፣ አልጋ እያለልዎ መሬት ይተኛሉ?»

ወይዘሮ ጣት ዓይናቸውን ወደ አልጋቸው መለሱ።

«ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም» አለች ኃላፊዋ ለልጃገረዶቹ፣ እሳቸው እንደሌሉ ሁሉ። «ይኼ የጭንቅላት ነው። ለይቶላቸዋል።»

«አብዳ አይደለም!» ብለው ጮኹ ስልከኛዋ። «ኧረ የኔ ልጅ፣ ወደ ኋላ እንዳትወስጃት ፈርታ ነው! እኔ አፌ ይቆረጥ...»

«እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፤ አለበለዚያ አብረው ይሄዳሉ።»

ስልከኛዋ አርፈው ተቀመጡ። ወይዘሮ ጣት በልጃገረዶቹ ተደግፈው ሲወጡ ስልከኛዋን ቀና ብለው አላዩአቸውም። ከአልጋቸው ላይ ግን ዓይናቸውን እስከ በሩ ድረስ አልነቀሉም። ያን አልጋ ለሚቀጥለው እንግዳ ለማዘጋጀት ምንም መነካት አላስፈለገውም።

በኋላው አዳራሽ አልጋ የሚያነጥፍ ሰው የለም። ሠራተኛዋ በሽተኛውን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፣ ግማሹን አንሶላ ትለውጣለች፣ ወደ ሌላው ጎን ትገፋለች። ጥጉ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። ወይዘሮ ጣት ብዙም ሳይቆዩ መናገር ተዉ። ቀን በሙሉ የተንጠለጠለውን ጥግ ይመለከታሉ፤ ሊደርሱበት እጃቸውን በብረት አጥሩ መካከል ይሰዳሉ፤ አይደርሱም።

ልጅቱ ከፋብሪካው ፈቃድ አግኝታ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነበር። በእቅፏ ነጭ አንሶላ ይዛለች፤ ጠርዙን በራሷ መኪና የሰፋችው ነው። ሠራተኛዋ «እጥበት ላይ ይጠፋል፣ ባይለብስ ይሻላል» ብትላትም አልሰማቻትም። የብረት አጥሩን ዝቅ አደረገች። እናቷን እንደ ሕፃን አቅፋ አዞረች፤ ዐጥንት ብቻ ሆነው ነበር። አንሶላውን ዘረጋች፤ በልጅነቷ እንደ ተማረችው ወጠረችው፤ ጥጉን እንደ ፖስታ አፍ አጥፋ ሸጎጠችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ አንሶላው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግን ፊቷን በትከሻዋ ታብስ ነበር።

ሲያልቅ ተንበርክካ ወደ እናቷ ፊት ተጠጋች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። አንሶላውን እኔ ነኝ የሰፋሁልሽ።»

ወይዘሮ ጣት ቀኝ እጃቸውን አነሡ። የተጠቀለለችው ሌባ ጣት በታላቅ ድካም ተዘረጋች። ልጅቱ ጉንጯን ሰጠች። ጣቲቱ ጉንጯን አልፋ ወደ አንሶላው ወረደች፤ ቀስ ብላ ተንሸራተተች፤ እጥፋቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እንደገና» አሉ።

ልጅቱ ተነሥታ የአንሶላውን ጥግ ያዘች፤ በአንድ ስበት ከፍራሹ ሥር አወጣችው። እናቷ ዓይናቸውን በእጇ ላይ ተክለው፣ እንደገና እስክትሸጉጠው ጠበቁ።

ልጅቱ የብረት አጥሩን ወደ ላይ መለሰችው። ቦርሳዋን አነገተች።

«ጨረሱ፣ እኅቴ?» አለች ሠራተኛዋ ከበሩ።

«ጨርሻለሁ።»

ጥጉ እስከ ወለሉ ተንጠልጥሎ ቀረ።